ጠምበለልን በጅማ ግቢ ማሳደግ፦ ከቁራጭ እስከ አበባ

ጅማ ላይ ሐረግ ማብቀል ማንንም አይቸግርም። 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ዝናብ በማያጣው አየር፣ መሬት የነካ ሁሉ ይንጠራራል። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሐረጉ ቅጠል በቅጠል ሆኖ አበባ ይነፍጋል፤ የተደገፈበትን የባሕር ዛፍ እንጨት ምስጥ ይበላውና ነሐሴ ላይ ከነሸክሙ ይተኛል፤ ወይም ቆርቆሮ ላይ ወጥቶ አሽንዳውን ይደፍናል። ስለዚህ እዚህ ስለ ማብቀል ከተጻፈው ይልቅ ስለ ድጋፍና ስለ መግረዝ የተጻፈው ይበዛል።

የተመረጠው ተክል ጠምበለል ነው፤ በሳይንሳዊ ስሙ ጃስሚነም አቢሲኒከም። ከውጭ የመጡ የጃስሚን ዓይነቶችም ጅማ ላይ ይበቅላሉ። ጠምበለል ግን የደጋና የወይና ደጋ ደን ልጅ ስለሆነ ዝናቡን፣ ኮምጣጣውን ቀይ አፈርና የታኅሣሥን የሌሊት ብርድ አስቀድሞ ያውቀዋል። ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው። አበባው ነጭ ሆኖ ከውጭ በኩል ሐምራዊ ቀላ ያለ ጥላ ይጣልበታል፤ ሽታው ከሁሉ ሰዓት የሚበረታው ሲመሽ ነው።

መጀመሪያ ሐረጉን መለየት

ጠምበለል በጫካ ዳር፣ በወንዝ ዳር ቁጥቋጦና በአሮጌ አጥር ላይ ይገኛል። ስሙ ከአካባቢ አካባቢ ስለሚለያይ ስም ብቻ ጠርቶ ከመጠየቅ ቅጠል ይዞ መጠየቅ ይሻላል። ቅጠሎቹ ግንዱ ላይ ፊት ለፊት ሆነው ጥንድ ጥንድ ይወጣሉ፤ እያንዳንዱ ቅጠል ደግሞ በሦስት ትንንሽ ቅጠሎች የተከፈለ ነው። ገጹ ጥቁር አረንጓዴና አብረቅራቂ፣ ጠርዙ ለስላሳ እንጂ የመጋዝ ጥርስ የሌለው ነው። አበባው ከሥሩ ቀጭን ቱቦ አለው። ፍሬው ሲበስል ጥቁር ነው፤ ብዙ ጊዜም ሁለት ሁለት ሆኖ ተጣብቆ ይታያል። በአንድ አገዳ ላይ አምስት ወይም ሰባት ሆነው የተደረደሩ ትንንሽ ቅጠሎች ካያችሁ ዘመዱ የሆነው ጃስሚነም ግራንዲፍሎረም ነው። እሱም ይሸታል፣ አያያዙም ብዙ አይለይም፤ ነገር ግን ደረቅ ያለ ቦታ ይወዳልና በጅማ ክረምት ውሃ የሚቋጥር መሬት ላይ ቶሎ ይታመማል።

ሦስት ተክሎች ሰውን ያሳስታሉ። የአዞ ሐረግ አንዱ ነው፦ ቅጠሉ ጥርስ አለው፣ አበባው ቱቦ የለውም፣ ሲያፈራ ላባ የመሰለ ነጭ ጭራ ያበቅላል። ጭማቂው ቆዳ ያቆስላልና በባዶ እጅ አትቁረጡት። ሁለተኛው መረንዝ ነው። አበባው ነጭና ሐምራዊ፣ ሽታውም ግሩም ስለሆነ ብዙዎች ይሳሳታሉ፤ ግን ሐረግ ሳይሆን ቁጥቋጦ ነው፣ ቅጠሉም ያልተከፈለ አንድ ወጥ ነው። የፍላጻ መርዝ የሚወጣው ከእሱ ስለሆነ ልጆች ወዳሉበት ግቢ አይገባም። ሦስተኛው ስትቆርጡት ነጭ ወተት የሚያወጣ የደን ሐረግ ሁሉ ነው፤ ጠምበለል ወተት የለውም።

ከደን ነቅሎ ማምጣት አያስፈልግም። የተነቀለ ትልቅ ሐረግ ሥሩ ስለሚጎዳ አብዛኛውን ጊዜ ይደርቃል። አንድ ክንድ የምታህል ቅርንጫፍ ከባለቤቱ ጠይቆ መቁረጥ ይበቃል።

ከቁራጭ ማባዛት

ጊዜው ቡና ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ከሚዘራበት ወቅት ጋር ይገጥማል። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር ድረስ ቁራጩን ትቀብራላችሁ፣ በጋውን ጥላ ሥር እያጠጣችሁ ታሳልፋላችሁ፣ ሰኔ ላይ መሬት ታስገባላችሁ። በክረምት መካከል የተቀበረ ቁራጭ ሥር ከማውጣቱ በፊት ይበሰብሳል፤ ሻጋታው ይቀድመዋል።

የሚቆረጠው ቅርንጫፍ ጫፉ ላይ እንዳለው ለምለም ያልሆነ፣ እንደ ግንዱም ያልደረቀ፣ መካከለኛው ክፍል ነው። ስታጎብጡት የሚለመጥ፣ ስታጠብቁበት ግን ቀጭ የሚል ሲሆን ደርሷል። አበባ ወይም እምቡጥ ያለበትን ተዉት፤ ጉልበቱን ለአበባው ይሰጥና ሥር አያወጣም። ጠዋት ከ3 ሰዓት በፊት፣ ቅጠሉ ውሃ ጠግቦ ሳለ ቁረጡና እርጥብ ጨርቅ ወይም የእንሰት ቅጠል ውስጥ ጠቅልላችሁ በዚያው ቀን ቅበሩ።

እያንዳንዱ ቁራጭ ከ12 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና ሦስት አንጓ ይኑረው። ከታች ያለውን ከአንጓው ልክ በታች ቁረጡ፤ ሥር የሚወጣው እዚያ ነው። ከላይ ያለውን ደግሞ ከአንጓው አንድ ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ በሰያፍ ቁረጡ፤ እንዲህ ካደረጋችሁ የትኛው ራስ፣ የትኛው እግር እንደሆነ አይምታታባችሁም። ተገልብጦ የተቀበረ ቁራጭ አይበቅልም። የታችኞቹን ሁለት አንጓ ቅጠሎች አንሱና የላይኞቹን ጥንድ ብቻ ተዉ፤ እነሱም ትልልቅ ከሆኑ በግማሽ ቁረጧቸው።

አፈሩ ግማሽ የታጠበ የወንዝ አሸዋ፣ ግማሽ ከላይኛው ንብርብር የተወሰደ አፈር ይሁን። ፍግ በዚህ ጊዜ አይገባም። ሥር የሌለው ቁራጭ ምግብ አይበላም፣ ፍጉ ግን ሻጋታና ትል ይጠራል። ስፋቱ 10፣ ቁመቱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ የችግኝ ላስቲክ ሙሉና ከታች ጎን ጎኑን ስድስት ሰባት ቦታ ብሱት። መጀመሪያ በስንደዶ ወይም በእርሳስ ቀዳዳ አውጡና ቁራጩን ሁለት አንጓ እስኪገባ ቅበሩት፤ በግድ ከገፋችሁት ልጡ ይላጣል። በጣታችሁ ዙሪያውን ጠቅጠቅ አድርጉና አጠጡት።

ከላይ መሸፈኛ ያስፈልገዋል። ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ከሥሩ ቆርጣችሁ እንደ ቆብ ድፉበት። ክዳኑ ተዘግቶ ይቆይ፣ ቁራጩ ግን ቀጥታ ፀሐይ አይንካው፤ ፀሐይ ከመታው ላስቲኩ ውስጥ ይቀቀላል። የሣር ዳስ ሥር ወይም ከቤቱ በስተሰሜን ያለ የጥላ ቦታ ጥሩ ነው። በየሦስት ቀኑ አፈሩን ነክታችሁ ከደረቀ ብቻ አጠጡ። የወደቀ ቅጠል ውስጡ እንዳይቆይ፤ የመበስበሱ መነሻ እሱ ነው።

ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ አዲስ ቅጠል ይወጣል። አዲስ ቅጠል ብቻውን ማስረጃ አይደለም፤ ቁራጭ በውስጡ ባለው ስንቅም ቅጠል ያወጣል። ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ ሳብ አድርጉት፤ ከተቋቋማችሁ ሥር ይዟል። ያን ጊዜ መጀመሪያ ክዳኑን ብቻ ክፈቱ፣ ከሳምንት በኋላ ሃይላንዱን አንሱ። ከዚያ ወር ቆይቶ ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰለ ብስባሽ፣ አንድ እጅ አሸዋ ወዳለበት ሰፋ ያለ ላስቲክ አዛውሩት። ግንቦት ላይ ጥላውን በየሳምንቱ እያሳሳችሁ ፀሐይ አለማምዱት። ሁለት ተክል ለማግኘት ከስምንት እስከ አስር ቁራጭ መቅበር ተገቢ ነው፤ ሁሉም አይይዝም።

ጎረቤት ግቢ ውስጥ ትልቅ ጠምበለል ካለ ከዚህ የቀለለ መንገድ አለ። በመጋቢት ወይም በሚያዝያ መሬት የምትደርስ ረዥም ቅርንጫፍ ምረጡ። ከጫፏ 40 ሳንቲ ሜትር ገባ ብሎ ባለው አንጓ ሥር ልጧን ትንሽ ፋቅ አድርጉና 10 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቅበሩ፤ ላዩ ላይ ድንጋይ ጫኑ፣ ጫፏ ወደ ላይ ቀና ብላ ትውጣ። ነሐሴ ላይ ከእናቲቱ ቁረጧትና ከሥሯ አፈር ጋር አንስታችሁ ወዲያው ትከሉ፤ የቀረው ዝናብ ያጸናታል። ከፍሬም ይበቅላል። የበሰለውን ጥቁር ፍሬ ሥጋውን አጥቦ ወዲያው መዝራት ነው፤ ግን አበባ ለማየት ከቁራጩ በዓመታት የዘገየ ስለሆነ አንመክረውም።

ቦታውን መምረጥ

በቀን ቢያንስ አምስት ሰዓት ፀሐይ፣ በተለይ የጠዋቷ፣ ያስፈልገዋል። ደን ውስጥ ስለሚገኝ ጥላ ይወዳል የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ጥላ ሥር አይሞትም። ነገር ግን ደን ውስጥም የሚያብበው ዛፉ ጫፍ ላይ ወጥቶ ብርሃን ሲያገኝ ነው። በአቮካዶና በማንጎ መካከል የተተከለ ጠምበለል አሥር ሜትር ወጥቶ የሚያብበው ለጎረቤት ነው።

ሽታውን በረንዳ ላይ ቡና ስትጠጡ እንድታገኙት ከፈለጋችሁ የምሽቱ ነፋስ ከየት እንደሚመጣ ሁለት ሦስት ቀን አይታችሁ በዚያ በኩል ትከሉ። አበባ ሽታ ራስ ምታት ወይም አስም የሚቀሰቅስበት ሰው ካለ ከመኝታ ቤት መስኮት አርቁት።

የውሃውን ነገር በጉድጓድ ፈትኑ። 50 ሳንቲ ሜትር ቆፍራችሁ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ አፍስሱና በማግሥቱ እዩት። ጠፍቶ ካደረ መልካም ነው። ቦዬ ረግረግ ዙሪያና አዌቱ ወንዝ ዳር እንዳለው ዝቅተኛ መሬት ውሃው ሳይሰርግ ካደረ ግን ጉድጓድ አትትከሉበት፤ ድንጋይ ደርድራችሁ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደብ ሥሩ። ጅሬን ላይ እንዳለው ተዳፋት ከሆነ ውሃው ችግር አይደለም፤ እዚያ የሚያስቸግረው የላይኛው አፈር በጎርፍ መወሰዱ ነው። ከተክሉ በታች በኩል የግማሽ ጨረቃ እርከን አውጡለት።

አሽንዳ የሌለው ቆርቆሮ የሚያፈስበት መስመር ላይ አትትከሉ፤ ጠብታው ሥሩን ገልጦ ያሳየዋል። ከግድግዳ 50 ሳንቲ ሜትር፣ ከሽንት ቤት ጉድጓድ ቢያንስ 3 ሜትር ራቁ። ከመብራት ምሰሶ ወደ ቤት የሚገባው ሽቦ ሥር ምንም ሐረግ አይተከልም።

ድጋፉ

እዚህ ላይ ገንዘብ መቆጠብ አያዋጣም። ጠምበለል ጥፍርም ሆነ መያዣ ክር የለውም፤ ግንዱን በያዘው ነገር ላይ እየተጠማዘዘ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ሜዳ ግድግዳ ላይ አይወጣም፣ ወፍራም ምሰሶንም መጠምጠም ያቅተዋል። የሚፈልገው እንደ ጣት የቀጠነ ነገር፣ ማለትም ሽቦ፣ ገመድ፣ ቀርከሃ ነው። በሦስተኛው ዓመት ክረምት ዝናብ የጠጣ ቅጠሉ የሚጭነው ክብደት ደግሞ ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ ነው።

ለአራት ሜትር ስፋት የሚሆነው አሠራር ይኸው። 40 በ40 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ ሁለት ግዙ። አንዱ 6 ሜትር ስለሆነ እኩል ሲቆረጡ አራት ባለ 3 ሜትር ይወጣቸዋል። ሦስቱ ቋሚ ይሆናሉ፣ አራተኛው ለሁለት ተቆርጦ የዳሮቹ ቋሚዎች መደገፊያ ይሆናል። መደገፊያው የግድ ነው፤ የተወጠረ ሽቦ የዳር ቋሚን ወደ ውስጥ ይጎትታል፣ ዓመት ሳይሞላም ያጎብጠዋል። የላይኛውን አፍ በላሜራ አስበይዱት፤ ዝናብ ከገባበት ከውስጥ ይዝጋል። ሁለት ጊዜ አንቲረስት ቀቡትና በ2 ሜትር ርቀት ቆፍራችሁ 60 ሳንቲ ሜትሩን ቅበሩ። ጉድጓዱ 30 በ30 ይሁን። አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ አራት እጅ ጠጠር ሙሉበት። አንድ ባለ 50 ኪሎ ሲሚንቶ ለሦስቱ ይበቃል። የኮንክሪቱን አናት ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ወደ ውጭ አዘቅዝቁት፤ ብረት የሚበላው ውሃ የሚቋጠረው እዚያ ነው። ሳምንት ሙሉ እያጠጣችሁ ሳይነካ ይቆይ።

ከዚያ የማይዝግ ባለ 3 ሚሊ ሜትር ሽቦ ከመሬት 40 ሳንቲ ሜትር ጀምሮ በየ40 ሳንቲ ሜትሩ ስድስት መስመር ወጥሩ፤ የመጨረሻው ከአናቱ ጥቂት ዝቅ ይላል። ለመጠምጠሚያው ጨምሮ 28 ሜትር ያህል ይፈጃል። ለማሰር የሚያገለግለው ጥቁር ሽቦ ለዚህ አይሆንም፤ በጅማ ዝናብ ሁለት ክረምት አይዘልቅም። ሽቦዎቹን በአቀባዊ በየ50 ሳንቲ ሜትሩ በቃጫ ገመድ አያይዟቸው፤ ሐረጉ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው የሚሻገርበት መሰላል ይሆነዋል።

የብሎኬት ግድግዳ ላይ ከሆነ ምሰሶ አያስፈልግም። በፊሸርና በብሎን ብረት አስገብታችሁ ሽቦው ከግድግዳው 10 ሳንቲ ሜትር ርቆ እንዲወጠር አድርጉ። ክፍተቱ ከሌለ ሐረጉ ሽቦውን መዞር አይችልም፣ ከኋላው አየር አይገባም፣ ግድግዳውም ይሻግታል። በጭቃ ቤት ላይ ግን ምንም አትሰኩ፤ ቅጠሉ የሚይዘው እርጥበት ምርጊቱን ያራግፈዋል። ምሰሶው ለብቻው ከግድግዳው 50 ሳንቲ ሜትር ርቆ ይቁም።

አቅም የሚፈቅደው እንጨት ብቻ ከሆነ የባሕር ዛፍ አትጠቀሙ። ምስጥ ከሁሉ አስቀድሞ መሬት ውስጥ ያለውን ክፍል ስለሚበላ እንጨቱ ሲወድቅ እንጂ ሲበላ አይታይም። ጽድ ወይም ወይራ ይሻላል። እግሩን የተቃጠለ ዘይት የመቀባት ልማድ አለ፤ ለአጥር ይሁን፣ ሥር ከሚያልፍበት 50 ሳንቲ ሜትር ባልሞላ ቦታ ግን ዘይቱ ተክሉን ይመርዛል።

አፈሩና ተከላው

ጉድጓዱን ግንቦት መጀመሪያ ላይ 50 በ50 በ50 ሳንቲ ሜትር ቆፍሩ፣ የላይኛውን ጥቁር ያለ አፈር በአንድ ወገን፣ የታችኛውን ቀይ በሌላው ወገን ከምሩ። ወር ያህል ፀሐይ ይምታው። ሲሞላ የላይኛው አፈር ወደ ታች ይገባል፤ ከአንድ ባልዲ (10 ሊትር) የበሰለ ብስባሽ ጋር ይደባለቃል።

የጅማ ቀይ አፈር ጥልቅና ጥሩ ነው። ጉድለቱ ፎስፈረስን ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር አስሮ መያዙ ነው፤ ፎስፈረስ ደግሞ ለሥርና ለአበባ ነው። ስለዚህ 50 ግራም፣ ማለትም ሦስት የሾርባ ማንኪያ ያህል ኤን ፒ ኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር ያለበት) ማዳበሪያ ወደ ታች ከሚገባው አፈር ጋር አደባልቁ፤ በላዩ አራት ጣት ባዶ አፈር ይልበስ እንጂ ሥሩ በቀጥታ አይንካው። ላይ ላዩን ከበተናችሁት አፈሩ ይይዘዋል፣ ሥር አይደርስም። አንድ ሁለት ስኒ የእንጨት አመድ ኮምጣጣነቱን ያለዝባል። ከዚያ በላይ አትጨምሩ፤ አመድ የበዛበት ጠምበለል ለጋ ቅጠሉ ቢጫ፣ የቅጠሉ ደም ሥር ግን አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል፤ ይህ ተክሉ ብረት መሳብ አቅቶታል ማለት ነው።

ጅማ ውስጥ የቡና ገለፈት በነፃ ይገኛል፣ ብዙ ሰውም በጥሬው ጉድጓድ ውስጥ ይጨምረዋል። አይደረግም። ጥሬ ገለፈት ሲበሰብስ ይሞቃል፣ ለመበስበስም የአፈሩን ናይትሮጅን ይወስዳል፤ ችግኙ በረሃብ ይገረጣል። ከፍግና ከለምለም ሣር ጋር ተከምሮ፣ በየሦስት ሳምንቱ እየተገላበጠና እየረጠበ ቢያንስ አራት ወር ይቆይ። ጥቁር ሆኖ የደን አፈር ሽታ ሲሰጥ፣ እጅ ሲገባበት የማይሞቅ ሲሆን ደርሷል።

ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ ሲያያዝ፣ ደመና ባለበት ቀን ከሰዓት በኋላ ትከሉ። ችግኙን ከነላስቲኩ ውሃ አጥግቡት። ላስቲኩን በምላጭ ሰንጥቃችሁ አውጡ፤ ከሥሩ ጋር አብሮ አይቀበርም። ታች የተጠቀለለ ሥር ካለ ቁረጡት። ችግኙ ላስቲክ ውስጥ በነበረበት ጥልቀት ልክ ይቀመጥ፤ ግንዱ ከተቀበረ በክረምት ይበሰብሳል። በእግር ሳይሆን በእጅ ጠቅጥቁ። ወደ ድጋፉ ትንሽ አዘንብሉትና አንድ ቀርከሃ ከጎኑ ተክላችሁ ወደ መጀመሪያው ሽቦ ምሩት። በሁለት ተክል መካከል 2 ሜትር ይተው፤ ለአራት ሜትሩ ድጋፍ ሁለት ይበቃሉ።

ላዩን አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ደረቅ ሣር አልብሱት፣ ከግንዱ ግን አንድ ስንዝር ይራቅ። ግንድ የነካ ጉዝጓዝ በክረምት ያበሰብሳል፣ በበጋ ምስጥ ያመጣል። ዶሮ ካላችሁ ጉዝጓዙን በድንጋይ ያዙት፣ አለበለዚያ በማግሥቱ ግቢው ሁሉ ላይ ታገኙታላችሁ።

ውሃና ምግብ

ክረምቱን ለሰማይ ተዉለት። ከኅዳር እስከ የካቲት፣ በመጀመሪያው ዓመት፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ 10 ሊትር ይጠጣ፤ በሁለተኛው ዓመት በሳምንት አንድ ጊዜ 20 ሊትር። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መርጨት ሥሩን ወደ ላይ ይስበዋልና ጥር ላይ ይጎዳል። ከዚያ በኋላ ቅጠሉ ማለዳ ላይ ጠውልጎ ካያችሁት ብቻ አጠጡት፤ በቀትር መጠውለግ ጥማት ላይሆን ይችላል።

በዓመት አንድ ጊዜ፣ መጋቢት ላይ፣ አንድ ባልዲ ብስባሽ በዙሪያው በቂው ነው። ዩሪያ አያስፈልገውም። ከከብት በረት አጠገብ ያለ ወይም በየወሩ ፍግ የሚጨመርለት ሐረግ የሚያምር ቅጠል እንጂ አበባ አይሰጥም።

መምራትና መግረዝ

በመጀመሪያው ዓመት ዓላማው አበባ ሳይሆን አጥንት ነው። ከሥሩ ከሚወጡት ውስጥ ሦስቱን ጠንካሮች ምረጡና ሌሎቹን አንሱ። ሦስቱ የመጀመሪያውን ሽቦ በአንድ ስንዝር ሲያልፉ ጫፋቸውን ቁረጡ፤ ከታች ጎን ጎን ያወጣሉ። ጎኖቹን በግራና በቀኝ በየሽቦው ላይ አጋድሟቸው። ይህ ማጋደም የሥራው ሁሉ ቁልፍ ነው። ቀጥ ብሎ የሚወጣ ሐረግ ጉልበቱን ለጫፉ ብቻ ይሰጣል፣ የጎን እምቡጦቹንም ጫፉ አፍኖ ያስተኛቸዋል። ሲጋደም ይህ የበላይነት ይሰበርና ከየአንጓው አጫጭር ቅርንጫፍ ይወጣል፤ አበባ የሚይዙትም የእነዚህ ቅርንጫፎች ጫፎች ናቸው።

ለማሰር የእንሰት ቃጫ ተጠቀሙ። በስምንት ቁጥር ቅርጽ፣ አንዱ ቀለበት በሽቦው፣ አንዱ በሐረጉ ዙሪያ ይሁን፤ በሐረጉ በኩል ትንሽ ጣት የምታሾልክ ላላ ያለ ይሁን። ቃጫ ከጊዜ በኋላ ራሱ ይበሰብሳል፣ ያ ጥሩ ነው። ሽቦና ናይለን ግን ግንዱ ሲወፍር ይሰምጡበትና ያንቁታል።

ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ መግረዝ ያለው ሰዓት አንድ ነው፦ ዋናው የአበባ ጊዜ ሲያበቃ፣ ወዲያው። በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ያበበው ቅርንጫፍ ከመነሻው ሁለት አንጓ ላይ ይቆረጣል። የሚቀጥለው አበባ በአዲሱ እድገት ላይ ስለሚመጣ ለዚያ ጊዜ ትሰጡታላችሁ። ግቢ ለማሳመር ተብሎ በዓል ሲቃረብ የሚቆረጠው ነው አበባ የሚያሳጣው፤ የተቆረጠው ጫፍ ውስጥ እምቡጡ አለበት። ከሦስተኛው ዓመት በኋላ ደግሞ በየዓመቱ ካረጁት ግንዶች አንድ ሦስተኛውን ከሥር አውጡ። ቅጠሉን አልፋችሁ ከኋላ ያለውን ሽቦ ማየት ካልቻላችሁ በጣም ታጭቋል ማለት ነው።

በደረቅ ጠዋት፣ በተሳለ መቀስ ይሠራ። ከታመመ ተክል ወደ ጤነኛው ስታልፉ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጣችሁ መቀሱን ንከሩ፤ ከዚያ በንጹሕ ውሃ አጥባችሁ ዘይት ቀቡት፣ በረኪና ብረት ይበላል። ከመሬት እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ድረስ ያለው ሁልጊዜ የተመነጠረ ይሁን። ሐረግ እባብ ያመጣል የሚባለው ከዚህ ነው። እባቡ የሚመጣው ለአበባው ሳይሆን ሥሩ በተጨናነቀ ሐረግ ውስጥ ለሚኖረው አይጥ ነው።

ሲበላሽ

ለጋ ጫፍ ተጠቅልሎ ሲያጣብቅ፣ ጉንዳንም ሲመላለስበት፣ ክሽክሽ የሚባለው ጭማቂ መጣጭ ጥቃቅን ነፍሳት ነው። ጥቁር አቧራ የመሰለ ሻጋታ ቅጠሉን ከለበሰውም መነሻው ክሽክሹ የሚጥለው ጣፋጭ ፈሳሽ ስለሆነ ሻጋታውን ብቻውን ማጠብ ዋጋ የለውም። አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በአንድ ሊትር ውሃ፣ ከ11 ሰዓት በኋላ፣ የቅጠሉን ጀርባ ጭምር ርጩ፤ በየአምስት ቀኑ ሦስት ጊዜ። በቀትር ከተረጨ ቅጠሉን ያቃጥላል። ንቦች ስለሚመጡ አበባው ላይ አትርጩ።

ጥርና የካቲት ላይ ቅጠሉ ነጣ ነጣ ብሎ ነጠብጣብ ካወጣና ከሥሩ ቀጭን ድር ከታየ ቀይ ሸረሪት ነው። ድርቀትና አቧራ ይወዳልና መንገድ ዳር ያለ ግቢ ይበረታበታል። የቅጠሉን ጀርባ በሳምንት ሁለት ጊዜ በውሃ ግፊት ማጠብ ብዙውን ጊዜ ይበቃል።

የቅጠል ቢጫነት ከየት እንደጀመረ ተመልከቱ። ከታች አሮጌዎቹ ብቻ ከሆኑ ርሃብ ነው፤ ብስባሽ ጨምሩ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ተክሉ በሙሉ ቢጫ ሆኖ አፈሩ እየረጠበ ቅጠሉ ከጠወለገ ሥሩ በውሃ ታፍኗል። ያን ጊዜ ማጠጣት ይገድለዋል፤ ከታች በኩል ቦይ ቀድዳችሁ ውሃውን አስወጡ፣ ጉዝጓዙንም አንሱ። ችግኝ ሌሊቱን ከሥሩ ተቆርጦ ካደረ ቆራጭ ትል ነው፤ በዙሪያው ሦስት ጣት ጥልቀት ፈልጉት፣ የተጠቀለለ ትል ታገኛላችሁ። ለሚቀጥለው ችግኝ ከሃይላንድ የተቆረጠ ቀለበት በግንዱ ዙሪያ አጥልቁ።

ከቁራጭ የወጣ ሐረግ በሦስተኛ ዓመቱ ያላበበ እንደሆነ ጥላውን፣ ፍጉን፣ የመግረዣ ጊዜውን በዚህ ቅደም ተከተል መርምሩ። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የመጀመሪያው ነው፤ ሲተከል ፀሐያማ የነበረውን ቦታ የጎረቤት ግራቪሊያ አድጎ ጋርዶታል።

አበባውን ለሻይ የሚጠይቁ አሉ። የጃስሚን ሻይ የሚዘጋጀው ከሌላ ዝርያ፣ በተለይ ከጃስሚነም ሳምባክ ነውና ጠምበለልን ለሽታው ብቻ ተዉት፤ ጥቁሩንም ፍሬ ልጆች እንዳይበሉት ንገሯቸው።

ቤት ሲገዛ ወይም ሲወረስ የሚገኝ፣ ለዓመታት ያልተነካ፣ ላዩ አረንጓዴ፣ ውስጡ ደረቅ ጭራሮ የሆነ ጠምበለል መጣል የለበትም። በየካቲት መጨረሻ፣ ዝናቡ ሊጀምር ሲል፣ ከግንዶቹ ግማሹን ከመሬት 50 ሳንቲ ሜትር ላይ ቁረጡ። ሌላውን ግማሽ ለቀጣዩ የካቲት አቆዩት፤ በአንዴ ሙሉ በሙሉ ከተቆረጠ ያረጀ ሥር መልሶ ላያወጣ ይችላል። የተቆረጠውን ጭራሮ በኃይል አትጎትቱ፣ በየክንዱ እየቆራረጣችሁ አውጡት፤ አለበለዚያ ጤነኛውን ይዞት ይመጣል። ከተቆረጠው የሚያቆጠቁጠውን ልክ እንደ አዲስ ችግኝ ሦስት ሦስት እየመረጣችሁ አጋድሙ። በተቆረጠው ወገን በዚያ ዓመት አበባ አይጠበቅም።